ሁለት ተራራ በአንድ ኮንጎ ጫማ

ንገሪን አሉኝ ልጆቹ። የልጅ ልጆቼ፣ ቃልኪዳንና ታናሿ ማለቴ ነው። ከጓደኞቻቸው ጋር ተራራ ሊወጡ ቀጠሮ ይዘው ነበር፤ ብስኩቱ ተገዝቷል፣ ውሃው በፕላስቲክ ተገዝቷል፣ ጫማው በር ላይ ተደርድሯል። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ ተባለ። ይከፈታል ሲሉት ይዘጋል፣ ተዘጋ ሲሉት ይከፈታል፤ የዘንድሮ መንገድ እንዲህ ነው። ቃልኪዳን አኩርፋ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና "እንግዲያውስ እምዬ፣ አንቺ በአፍሽ ውሰጂን" አለችኝ። "ለመሆኑ ተራራ የምትወጡት ምን ጠፍቶባችሁ ነው?" ብላት "ምንም። ለመውጣት ነዋ!" አለች። ሳቅሁ። በኛ ጊዜ ተራራ በከንቱ አይወጣም፤ ከብት ጠፍቶ፣ ሰው ሞቶ፣ ስእለት ደርሶ ነው እንጂ። እኔ ሁለት ተራራ በአንድ ቀን ወጥቼ የወረድሁት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። "ከማን ጋር?" አለች ታናሺቱ። ከማን ጋር ይሆናል፣ ከእንጉዳይ ጋር ነዋ።

እንጉዳይ ስል ሁለቱም ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶ ዞሩ። እናታቸውን አዝላ ያሳደገች እሷ፣ እነሱንም አዝላ ያሳደገች እሷ። ከሞተች ሰባት ዓመት ሆናት፤ እስካሁን ግን ቤቱ ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ "እንጉዳይን ጠይቁ" ልል አፌን እከፍትና እዘጋዋለሁ። ፎቶውን የተነሣነው እዚሁ ፒያሳ ነው፣ ጎንደር በገባን በመጀመሪያው ዓመት። ያኔ ባጃጅ የሚባል የለም፤ ወይ በእግርህ ትሄዳለህ ወይ ጋሪ ትሳፈራለህ። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በስሙኒ። ፎቶ አንሺው ሐይቅና ዳክዬ የተሣለበት መጋረጃ ፊት አቆመን። ሁለታችንም ከአንድ ጣቃ የተሰፋ ቀሚስ ለብሰናል፤ መደቡ ሰማያዊ፣ አበባው ቀይ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ሆኖ እነዚህ ልጆች አመድ ነው የሚያዩት እንጂ ቀለሙስ ሸጋ ነበር። "አትሳቁ፣ አትተንፍሱ" ቢለን እንጉዳይ ትንፋሿን ይዛ ዓይኗ ሊወጣ ደርሷል። አንገቷ ላይ ያቺ ክታቧ አለች፣ በጥቁር ቆዳ የተሰፋች፣ አውራ ጣት የምታህል። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ እኔ እናገራለሁ፣ ቃልኪዳን ትጽፋለች። ስታሳጥርብኝ በወረቀቱ ማነስ አውቅባታለሁ።

አገራችን ከድብ ባሕር በላይ ነው። ከደጃችን ቆመህ ስታይ ሁለት ተራራ አለ፣ ፊትና ኋላ ሆነው የቆሙ። ፊተኛው ጥድ አፋፍ ነው። ጥዱ ከመወፈሩ የተነሣ በቀትር ብትገባበት የመሸ ይመስልሃል፤ ከቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጺም የተንጠለጠለ ሽበት አለው፣ ጉሬዛ ከላይ ሆኖ ይሰድብሃል። ኋለኛው ኪዳነ ምሕረት ያለችበት ነው፤ እኛ ኪዳኔ እንለዋለን፤ እሱ ወይራና ኮሶ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ስለሆነ ምሳር አይነካውም። ዛሬ ጥድ አፋፍ መላጣ ሆኗል አሉኝ። ከሰል ሆኖ አለቀ አሉ። እዚህ ከቤታችን ጎን ያለው አናጢ አልፎ አልፎ አሮጌ የጥድ በር አምጥቶ ሲሰነጥቅ ሽታው በመስኮት ይገባል። ያን ጊዜ ነገር ሁሉ ከእጄ ይወድቃል።

ነገሩ የመጣው በዋሴ ነው። ዋሴ የታች ሰፈር ልጅ ነበር፤ የወንድሙን ካኪ ኮት የሚለብስ፣ እጅጌው ጣቱን የሚውጥበት፣ ሲሄድ የሚያፏጭ። መልከ መልካም ነበር አልልም፤ ጆሮው ትልቅ ነበር። ግን ውሃ ስንቀዳ አልፎ ከሄደ በኋላ ፉጨቱ ጆሮዬ ውስጥ ሲሠራ ይውላል። ሽማግሌ ላከ። አባቴ አያ ታከለ ወደውታል፤ እናቴም ወዳዋለች። ከዚያ ዘር ሲቆጠር ጭቅጭቅ ተነሣ። በኛ አገር ሰባት ቤት ካልሞላ አይጋቡም፤ እህትና ወንድም ነው። የዋሴ አጎት አያ በዛብህ "ስምንት ቤት ነው፣ ሞልቶ ተርፏል" ሲሉ፣ የእናቴ ወንድም "ስድስት ነው! እህቱን ሊያገባ ነው እንዴ?" ብሎ ተነሣ።

"ምነው አንዱን ዘለልህሳ? አያ ካሳን የት ጣልሃቸው?" አሉ አያ በዛብህ።

"ካሳ ወንድምየው ናቸው፣ አባትየው አይደሉም!"

"አንተ ትላንት የተወለድህ! ካሳን እኔ ቀብሬያቸዋለሁ!"

"ቀብረሃቸው ይሆናል፤ ማን እንደወለዳቸው ግን አልጠየቅሃቸውም።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ከጓዳ ሆኜ አልሳቅሁም። ይህን ነገር የሚያውቁት አንድ ሰው ናቸው ተባለ፣ እማሆይ ወለተ፣ ኪዳኔ አናት ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ በጎጆ የተቀመጡት። የእኛን አገር ዘር ሁሉ ያውቁ ነበር። የእሳቸው አቆጣጠር በአፍ አይደለም፣ በክር ነው። ራሳቸው የፈተሉትን ክር ያመጡና መካከሉ ላይ ትልቅ ቋጠሮ ያስራሉ፤ እሱ አያትየው ነው። ከዚያ ወዲህ ለሴቲቱ ወገን፣ ወዲያ ለወንዱ ወገን፣ በየቤቱ አንዳንድ ቋጠሮ። ከሞላ ክሩን ለመልእክተኛው ይሰጡታል፤ ሽማግሎቹ ፊት ይቀርባል፣ ሰርግ ይቆረጣል። ካልሞላ በጧፍ ያቃጥሉታል፣ የሰው ገመና በየገበያው እንዳይዞር። ስለዚህ ባዶ እጅ ማለት አይሆንም ማለት ነው። ቃል እንኳ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ማን ይሂድ ሲባል ሌላ ጭቅጭቅ። የኛ ሰው ቢሄድ ያጎድላል፣ የነሱ ሰው ቢሄድ ይጨምራል። በመጨረሻ አባቴ "እንጉዳይ ትሂድ" አሉ። "ዘመድ የላት። ለማን ታደላለች?" ሽማግሎቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሸጋ ነገር ተናገርህ አሏቸው። እውነታቸውን ነው፣ ዘመድ አልነበራትም። ከጭልጋ በኩል ከእናቷ ጋር ስትመጣ እናቷ እዚያ እኛ አገር በሽታ ጣላትና ሞተች፤ ጎረቤታችን አስጠግታ አሳደገቻት። እኔና እሷ በአንድ ምንጭ ቀዳን፣ በአንድ ሙቀጫ ወቀጥን፣ በአንድ ሰሞን ጡት አወጣን። እሷን ለማግባት ሽማግሌ የላከ ሰው አልነበረም፤ ማን መሆኗን ማን ቆጥሮ ያውቃል እያሉ።

ብቻዋን እንዳትሄድ ጫካው ነብር አለው። እኔ ልሸኛት ተፈቀደ፤ ግን የራሷ ዘር ሲቆጠር የሰማች ልጃገረድ አትወልድም ይባላልና ከደጅ እንድቀር ተነገረኝ። አባቴም ሲያሰናብቱኝ አልሸሸጉኝም። "ክሩ ከመጣ ለዋሴ ነሽ። ካልመጣ የመካነ ብርሃኑ ሰውዬ ከፋሲካ ወዲያ ይወስድሻል፤ ከዚህ በላይ አላቆይሽም" አሉኝ። የመካነ ብርሃኑ ሰውዬ ሚስቱ የሞተችበት ነው፣ በዕድሜ ከአባቴ ጥቂት ቢያንስ ነው።

ጎህ ሲቀድ ወጣን። ስንቃችን ዳቦ ቆሎና አንድ ቅል ውሃ። ጫማ አንድ ነው ያለን፣ የኔ ኮንጎ፣ ያ ላስቲኩ፣ በሁለት ብር ከድብ ባሕር ገበያ የተገዛ፣ ቡናማ። እንጉዳይ "ጥድ አፋፍን እኔ ላድርገው፣ ኪዳኔን አንቺ" አለችኝ። "ሙሽራዋ እማሆይ ደጅ በባዶ እግሯ እንዳትደርስ።" ተስማማን። ኮንጎው ሲያልበው ይንጫጫል፤ ጫካው ውስጥ ዝም ሲል የሷ እግር ጭዋክ ጭዋክ ብቻ ይሰማል። እኔ እየሳቅሁ ከኋላ እከተላለሁ። የረገጥነው የጥድ ቅጠል እንደ ስጋጃ ለስላሳ ነበር። እንጆሪ ደርሶ አገኘንና አፋችን እስኪጠቁር በላን። ዳገቱ ሲከብደን እሷ ታንጎራጉራለች፤ ከራሷ ነበር የምታወጣው፣

ተራራው ቢከፋ አለው መሻገሪያ፣
ሆድ ነው የቸገረኝ ያጣሁት ማሰሪያ።

"የምን ሆድ ነው ደግሞ? ዳቦ ቆሎው አልበቃሽም?" እያልሁ አበሽቃታለሁ።

ጥድ አፋፍ አናት ላይ ዛፉ ይከፈትና ቆላው ይታያል። ሩቅ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ጭስ ይመስላል። ቁጭ አልን። እሷ በጣቷ ጠቆመች።

"እዚያ ነው የሚወስድሽ?"

"እዚያ ነው፣ አርማጭሆ። አጎቱ መሬት አለው። ሰሊጥ ይዘራሉ አለኝ።"

"ወባ አለ እዚያ።"

"ወባውም ቢሆን ከዋሴ ጋር ይያዘኝ።"

"አፈር ብዪ! ኀፍረትም የለሽ።" ሳቀች። ቆይታ፣ "እኔስ?" አለች።

"አንቺ ምን?"

"እኔስ ማንን ይዤ ልቅር?"

እኔ እንግዲህ ልጅ ነኝ። ልቤ ከፊቴ ያለውን ሁለተኛውን ተራራ አልፎ፣ ሰርጉንም አልፎ፣ ሰሊጥ ማሳው ውስጥ ገብቷል። "ለፋሲካ መጥተሽ ትጠይቂኛለሽ" አልኋት። "ዋሴ እንደሆነ ቤቱ ሰው ማስጠጋት አይወድም።" እንዲህ ነው ያልኋት፣ እየሳቅሁ፣ አፌ በእንጆሪ ጠቁሮ። "ለፋሲካ" አለች እሷም። ከዚያ ጎንበስ ብላ ኮንጎውን አወለቀችና ፊቴ አስቀመጠችው። ቁልቁለቱን እኮ ገና አልወረድነውም። "ምነው? ተራሽ አላለቀም እኮ" ብላት "አድርጊው፣ ጠበበኝ" አለች። የኔና የሷ እግር አንድ ልክ ነው።

የኪዳኔ ዳገት ቀጥ ያለ ነው፣ ትንፋሽ አያስተርፍም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ አንድ ትልቅ ወይራ አለ፤ እኔ እሱ ሥር ቀረሁ፣ እሷ ነጠላዋን አመሳቅላ ወደ እማሆይ ጎጆ ገባች። እንዳልሰማ ሁለት ጆሮዬን ይዤ ተቀመጥሁ። ከፊቴ ጉንዳን ተሰልፎ ይሄዳል። ጉንዳኑ ካለፈ ይሆናል፣ ካላለፈ አይሆንም እያልሁ ስጠነቁል፣ ጉንዳኑ አያልቅም። ጥላው ከግንዱ ወዲህ ዞሮ ወዲያ ሄደ። እጄ ሲዝል ጆሮዬን ለቅቄ ብሰማ የእማሆይ ድምፅ ስም ይጠራል፣ ያርፋል፣ ይጠራል፣ ያርፋል። ደንግጬ መልሼ ያዝሁት።

እንጉዳይ ወጣች። ፊቷን ለማየት ሳልደርስ እጇን አየሁት። ሁለት መዳፏን ከፍታ ያዘችልኝ። ባዶ ነው። እማሆይ ከጎጇቸው ደፍ ላይ በመቋሚያቸው ተደግፈው ብቅ አሉና ወደ እኔ መስቀል አሳይተው "ያብዛሽ ልጄ! ያብዛሽ!" አሉኝ። መነኩሴ ላገኘው ሁሉ ይመርቃል ብዬ ነው፣ እጅ ነሥቼ ዞርሁ።

ስንመለስ ኮንጎውን ላውልቅላት ብል እምቢ አለች። ሁለቱንም ተራራ በባዶ እግሯ ተመለሰች። ጥድ አፋፍ ላይ እሾህ ይሁን ድንጋይ ቆርጧት ደሟ ቅጠሉ ላይ ይታይ ነበር። እኔ እንባ አልመጣልኝም፤ የምታለቅሰው እሷ ነበረች፣ እየተንሰቀሰቀች፣ እኔ ልጅ እንደሞተባት እናት አፅናናት ጀመር። "ተይ፣ ለኔ ብለሽ አትጎጂ" እላታለሁ። ለኔ ብላ መስሎኝ።

ሽማግሎቹ ባዶ እጅ ሲያዩ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሄዱ። እማሆይን ደግሞ ሄዶ መጠየቅ ቃላቸውን አለማመን ነው፣ ነውር ነው፤ ማንም አልሄደም። እሳቸውም በዚያው ክረምት ዐረፉ። ዋሴ አንድ ቀን ምንጩ ዳር ጠበቀኝ። ኮቱን ትከሻው ላይ ጥሎ "እህቴ ሆንሽ በቃ?" አለኝ፣ ሊስቅ ሞክሮ። እንስራዬን አነሣሁ። ከዚያ ወዲያ ያ የማኪናው ጊዜ መጣ፣ ጎረምሳ ሁሉ በጭነት ማኪና እየተጫነ ወደ ጦርነት የሚሄድበት። ከሄዱት ጋር ሄደ። ከተመለሱት ጋር አልተመለሰም። ሳያገባ፣ ሳይወልድ፣ የሚያስታውሰው ሳይተካ። እናቱ እስክትሞት ድረስ ማኪና ሲያልፍ ከቤት እየወጣች መንገድ ዳር ትቆም ነበር።

እኔ መካነ ብርሃን ገባሁ። ብርድ ነው፣ ገብስ ነው፣ በግ ነው። ባሌ ክፉ አልነበረም፤ የሞተችውን ሚስቱን ስም እየጠራ "ውሃ ስጪኝ" የሚለኝ ሰው ነበር፣ ሌላ ምንም። በዘጠኝ ዓመት ስሜን አንድ ሦስት ጊዜ ቢጠራው ነው። የሙሽራይቱን በቅሎ ተከትላ ሙዳዬን ተሸክማ የመጣችው እንጉዳይ ናት። ሰውየው ሰው ማስጠጋት አይጠላም፤ ቤቱ ሰፊ ነበር። ስወልድ ወገቤን የያዘች እሷ፣ ልጅ ሲሞትብኝ የቀበረች እሷ፣ ባሌ ሲሞት አሞሌውንና ጭልፋውን ሳይቀር ሸክፋ "ጎንደር እንግባ፣ እዚያ ሥራ አይጠፋም" ያለች እሷ። እዚህም ጠላ ጠምቀን፣ በርበሬ ነግደን፣ ልጅ አስተምረን፣ ጥርሳችን አብሮ ወለቀ።

ያቺ ክታብ አንገቷ ላይ የገባችው ከተራራው በተመለስን በማግሥቱ ገበያ ነው። "ማን ጻፈልሽ?" ብላት "አንድ ደብተራ። ለዓይነ ጥላ ነው" አለችኝ። ዓይነ ጥላማ ነበረባት፣ ባል አጥታ ቀረች ብዬ አመንሁ። ስትተክዝ ወደ አፏ ወስዳ በጥርሷ ትይዛታለች። ልጆቹ ሲስቧት ትቆጣለች፤ በሌላ ነገር ተቆጥታ አታውቅም። አንድ ጊዜ፣ እዚሁ፣ ሁለታችንም ከሸበትን በኋላ፣ ምስር ስንለቅም "የሺ፣ ዋሴን ታስቢዋለሽ?" አለችኝ። "ስድስት ቤት የሆነን ሰው ምን ብዬ አስባለሁ" ብዬ ሰፌዱን አራገፍሁ። አፏን ከፈተች። ከዚያ መልሳ ምስሯን ለቀመች። አሁን ሳስበው ቀኑን ሁሉ አንድም ጠጠር አላወጣችም።

የታመመችው ሦስት ቀን ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን እጄን ወስዳ ክታቧ ላይ አደረገችው፤ ምላሷ ተይዞ ነበር። ጸሎቱን አንብቡልኝ ማለቷ መስሎኝ ቄስ ጠራሁ። ያጠቡዋት ሴቶች ከአንገቷ ፈትተው "እህትሽ ናት፣ አንቺ ያዢው" ብለው ሰጡኝ። ፊደል ለማያውቅ ሰው የተሰፋ ብራና ምኑ ነው፤ ሣጥኔ ውስጥ፣ ፎቶ ከተነሣንበት ከዚያ ሰማያዊ ቀሚስ ቁራጭ ጋር አስቀመጥሁት።

ያለፈው ክረምት ጣራው አፈሰሰ፣ ሣጥኑ ውሃ ገባው። ቆዳው አብጦ ስፌቱ ተተርትሯል። ብራናው ሳይሻግት ላድርቀው ብዬ ፀሐይ ላይ ወሰድሁት፣ በመርፌ ከፈትሁት። እዚህ ላይ ስደርስ ቃልኪዳን እስክሪብቶዋን አቆመች። ጻፊ አልኋት። ብራና አልነበረውም። ተጠቅልሎ የተቀመጠ የእጅ ፈትል ነው፣ ከማርጀቱ የተነሣ ገለባ የመሰለ፣ መካከሉ ላይ ትልቅ ቋጠሮ ያለበት። ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። ዓይኔ ደክሟል፣ ቋጠሮውን በጣቴ ዳሰስሁት። ከትልቁ ቋጠሮ ወዲህ ሰባት። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደገምሁት፣ ሰባት። ከትልቁ ቋጠሮ ወዲያ ስምንት።

ሞልቶ ነበር።